ኮማንደር ከቡታጅራ

ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ ላወራችሁ ነው ስል ገጹን ገልጣችሁ ልታልፉ የምትፈልጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናቴ ራሷ ይህን ታሪክ ስጀምርላት «አሁንም እሱን አልተውሽም?» ብላ ታቋርጠኛለች። ቢሆንም ታገሡኝ። እስከ ዛሬ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከልቤ ያልወጣውን የጠየቀችኝ፣ ፊቷን አይቼ የማላውቃት፣ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት፣ ቡታጅራ አንድ ኢንተርኔት ቤት ጥግ ላይ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ናት።

ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ የማያልቅበት፣ ወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ላይ የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ገና በእንጨት ርብራብ ተከቦ የሚታይበት ጊዜ። አባቴ የመንገድ መሐንዲስ ነው። ወልቂጤ ሥራ ሲያገኝ ከደብረ ማርቆስ እኔን ይዞኝ መጣ። እናቴ አስተማሪ ስለሆነች የእሷ ዝውውር «ዛሬ ነገ ያልቃል» እየተባለ ከዓመት በላይ ተጎተተ። አባቴ ደግሞ ወይ ግምገማ ላይ ነው፣ ወይ መስክ ነው። እኔ ከአከራዮቻችን ግቢ ሁለት ክፍል ውስጥ ከትምህርት ቤት መልስ የበሩን ቁልፍ በአንገቴ አንጠልጥዬ የምገባ ልጅ ነበርኩ።

የክፍሌ ልጆች ክፉዎች አልነበሩም። አፌ ጎጃም ጎጃም ስለሚል አንዳንዴ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። ችግሩ እረፍት ላይ ነው። እርስ በርስ ጉራጊኛቸውን ሲጀምሩ እኔ ጥፍሬን ማየት እጀምራለሁ። ማንም ሂጂ አላለኝም፤ ነይ ያለኝም አልነበረም።

ነይ ያለኝ ጋሼ ኤርሚ ነው። ጋሼ ኤርሚ መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ያለው፣ ጌታን የተቀበለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሮቹን ለልጆች ብቻ ይለቅቃል። በሩ ላይ በካርቶን «የልጆች የጨዋታ ክበብ፤ ስድብ ክልክል ነው» ብሎ ለጥፏል። የምንጫወተው በኢንተርኔት ከሌላ ከተማ ልጆች ጋር ነው። አንዱ ቡድን አምስት፣ ሌላውም አምስት ሆኖ ጫካ፣ ድልድይና ሐይቅ ያለበት ሜዳ ላይ ይገናኛል። እያንዳንዱ ቡድን ሰፈሩ ውስጥ የሚጠብቃት ባንዲራ አለች። የሌላውን ባንዲራ ሰርቆ ሰፈሩ ያደረሰ ያሸንፋል፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ማንም ካልሰረቀ እኩል ይወጣሉ።

ለቡድናችን ያለን አምስት ወንበር ብቻ ነው። ወንበር የሚጠብቁ ልጆች ደግሞ በር ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። አንዷን ወንበር እኔ ያገኘሁት ተኳሽ ስለሆንኩ አይደለም። በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን እንግሊዝኛ የማነብ፣ ከሌሎች ከተሞች ክበቦች ጋር እየተጻጻፍኩ ቀጠሮ የምይዝ እኔ ስለነበርኩ ነው። ናትናኤል የሚባለው አለቃችን «ሰብለ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ናት» ይላል። ቀልዱ ነበር፤ እኔ ግን እሱን ይዤ ነው የምተኛው። ያችን ወንበር ባጣት ወልቂጤ ውስጥ ሰው ስሜን የሚጠራበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ከሁሉም የምንፈራው የቡታጅራን ክበብ ነው። ሁለቴ ገጥመውን ሁለቴ አዋርደውናል። ቀጠሮ የሚይዝላቸውም ባንዲራችንን የሚሰርቀውም ራሱን «ኮማንደር» ብሎ የሰየመ ተጫዋች ነው። ናትናኤል «ጢም አለው አሉ» ይለናል። ሌላው «የእውነት ፖሊስ ነው አሉ» ይላል። በመስከረም መጀመሪያ ኮማንደር ለሦስተኛ ጊዜ እንግጠም ብሎ ጻፈልኝ። ቀን መምረጥ የኔ ሥራ ነው። መስቀል ሐሙስ ይውላል፤ አርብ ያርፋሉ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ብዬ ጻፍኩ። «እሺ» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ለልጆቹም «መስቀል እንዳለፈ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አልኳቸው። «እሺ፣ መስቀል ሲያልፍ» አሉኝ፤ አንድም ልጅ አልተቃወመም።

የጉራጌ ሰው እዚህ ላይ መሳቅ ጀምሯል። እኔ በምን ልወቅ? እኛ ቤት መስቀል ማለት ደመራው ከተለኮሰ በኋላ አንድ ቀን ተበልቶ፣ ተጠጥቶ የሚያልቅ በዓል ነው።

ሰኞና ማክሰኞ ከአዲስ አበባ የሚመጡት አውቶቡሶች ጣሪያቸው እስኪጎብጥ ተጭነው መናኸሪያውን ሞሉት። ብርድ ልብስ፣ ጀሪካን፣ የሕፃን ጫማ። ረቡዕ ሁሉም ወደየአገር ቤቱ ተበተነ። አከራዮቻችንም ሄዱ። እትዬ ወለተ የጎመንና አይብ ሳህን፣ የግቢውን ቁልፍና ቡቺ የሚባል ውሻቸውን ትተውልኝ «አባትሽ ማታ ይመጣ የለ?» ብለው ወጡ። አባቴ ግን አልመጣም። የሄደበት ወረዳ ዝናብ ድልድይ ስለወሰደ መኪናቸው ወዲያ ማዶ ቀርታለች። በስልክ «በልተሻል?» አለኝ፤ በልቻለሁ አልኩት። እናቴ ደውላ «እያጠናሽ ነው?» አለችኝ፤ እያጠናሁ ነው አልኳት። ሁለቱንም ላለማስጨነቅ ነው። ስልኩን ስዘጋው ግን ሆድ ባሰኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ክበቡ ስሄድ የወልቂጤ መንገድ ባዶ ነበር። ወደ ጅማ የሚያልፍ አንድ አይሱዙ፣ በሩ የተዘጋ ሱቅ፣ ሌላ የተዘጋ ሱቅ። ባጃጅ እንኳን የለም። ጋሼ ኤርሚን በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ሻንጣ አጠገቡ አስቀምጦ አገኘሁት። ለእናቱ የገዛውን ብርድ ልብስ ረስቶ ሊወስድ ተመልሶ ነው።

«ሰብልዬ! ምነው? አልሄድሽም እንዴ?»

«የት?»

«አገር ቤት ነዋ!»

«ዛሬ ግጥሚያ አለብን፣ ጋሼ። ከቡታጅራ ጋር።»

«ዛሬ? ከማን ጋር ሆነሽ? ናትናኤል እኮ እዣ፣ አገር ቤቱ ገብቷል። አንድ ልጅ ከተማ የለም።»

«መስቀል አለፈ እኮ» አልኩ፤ ድምፄ እየቀጠነ።

ጋሼ ኤርሚ ሳቀ። «ያለፈው የናንተው ነው። የኛ ገና መሞቁ ነው! እኔ ራሴ ደመራው ባይመለከተኝም እናቴ ቤት ሳልደርስ ብቀር ዓመቱን ሙሉ አታናግረኝም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቀጠሮውን የያዝኩት እኔ፣ ቀኑን የመረጥኩት እኔ፤ ቡድኑ ሳይቀርብ ቀርቶ ሲሸነፍ የሚጠየቀውም እኔው ነኝ። ወንበሯን በር ላይ ከሚጠብቁት ለአንዱ እንደሚሰጡብኝ አልተጠራጠርኩም። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ጋሼ ኤርሚ ሳቁን አቆመና ሻንጣውን ወደ ውስጥ መለሰ። «ነይ ግቢ። መኪና እስኪገኝ ትንሽ ሞክሪ» ብሎ አንድ ኮምፒውተር አበራልኝ። አራቱ የቡድኔ ስክሪኖች ጥቁር ሆነው በግራና በቀኜ ቀሩ።

ሰዓቱ ሲደርስ ስክሪኑ «ቡታጅራ ዝግጁ ነው» አለ። ከስሩ «ኮማንደር» የሚል ስም ብቻ ይታያል። ጨዋታው የተቃራኒን ብዛት አያሳይም። እኔ ብቻዬን መሆኔን እነሱ አያውቁም፤ እነሱ አምስት መሆናቸውን እኔ አውቃለሁ። ያለኝ ብልሃት አንድ ነው፤ ባንዲራዬ አጠገብ ካለው ቋጥኝ ጀርባ ተጋድሜ መጠበቅ።

ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ቅጠል ሲወዛወዝ እተኩሳለሁ፤ ቅጠል ብቻ ነው። ይህ ኮማንደር ምን እያሰበ ነው አልኩ። ሁለቴ ሲያሸንፈን በሩጫ ነበር የመጣው። አሁን ዝም ማለቱ ሰፊ ወጥመድ ቢዘረጋ ነው። የኮምፒውተሩ ጩኸትና የጋሼ ኤርሚ ወንበር መንቋቋት ብቻ ይሰማል። እሱም ጉዞውን ረስቶ ከኋላዬ ቆሞ ማየት ጀምሯል።

«ለምን አይመጡም?» አለኝ በሹክሹክታ፤ እነሱ የሚሰሙት ይመስል።

«እንጃ። ልሄድባቸው ይሆን?»

«ሂጂባቸው! ያው መሸነፍሽ አይቀርም።»

ማበረታቻው እንዲህ ነበር። ተነሳሁ። ድልድዩን በደረቴ ተሳብኩ፣ ጫካውን በዛፍ በዛፍ አለፍኩ። ማንም አልተኮሰብኝም። የቡታጅራ ሰፈር ደርሼ አንገቴን ብቅ ሳደርግ አንድ ሰው ባንዲራው ፊት ለፊት ቆሟል። ኮማንደር ነው። አየኝ። አየሁት። ሁለታችንም መሣሪያ ደግነን፣ ሁለታችንም ሳንተኩስ ቆየን። ከዚያ የመጻፊያው ሳጥን ብልጭ አለ።

«ጓደኞችህ የት ተደብቀው ነው?»

«ያንተስ?» ብዬ መለስኩ።

«መጀመሪያ አንተ ተናገር።»

መሣሪያዬን አላወረድኩም። እሱም አላወረደም። ቆይቶ «ብቻዬን ነኝ» የሚል መጣ።

ማመን አቃተኝ። «ቡታጅራም ሰው ሁሉ ሄደ?»

«ወፍ የለም። ዳቦ ቤቱ እንኳን ዝግ ነው። እዚህ የተከፈተልኝ ባለቤቱ ሙስሊም ስለሆኑ ነው። የእሳቸው በዓል አረፋ ነው፤ ያን ጊዜ ነው አገር ቤት የሚገቡት።»

«ታዲያ ዛሬን ለምን እሺ አልክ?»

«መስቀል አንድ ቀን መስሎኝ ነዋ!»

ከወንበሬ ተነስቼ ሳቅኩ። ጋሼ ኤርሚ «ምን አለሽ? ምን አለሽ?» እያለ ትከሻዬን ያዘኝ። አንድ የጉራጌ ልጅ፣ ስድስት ዓመት እንኳን ቢሆነው፣ በዚያ ሳምንት ቀጠሮ አይይዝም። ሁለት መጤዎች ተገናኝተን፣ ሁለት ከተማ ባዶ የሚሆንበትን ቀን መርጠን ተስማምተናል።

«አገርህ የት ነው?» ብዬ ጻፍኩ።

«አገርሽ በል። ሴት ነኝ። አዲግራት። አባቴ ባንክ ነው የሚሠራው።»

«እኔም ሴት ነኝ። ማርቆስ። ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

ጢም ያለው ኮማንደር! ፖሊሱ! ጋሼ ኤርሚ ስነግረው «ኢየሱስ!» ብሎ ግንባሩን ያዘ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ሲመለሱ ያስወጡኛል። ቀኑን እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ የምሄድበት የለኝም» አለች። እኔ ልጽፈው የነበረውን ነው የጻፈችው።

እኩል ለመውጣት ተስማማን። ማንም ባንዲራ አይነካም፤ ሰዓቱ ይሙላ፤ ሁለታችንም ወንበራችንን ይዘን እንቀራለን። መሣሪያችንን መሬት ጣልንና ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ሜዳ እንዲሁ ዞርነው። ስንት ጊዜ ሮጬበታለሁ፤ ሐይቁ ዳር አበባ እንዳለ አላየሁም ነበር። ኮማንደር «ነይ ላሳይሽ» ብላ ፏፏቴውን ሰንጥቃ ገባች። ከውሃው ጀርባ ዋሻ አለ። «እዚህ ማንም አይመጣም። ሌሎቹ ጨርሰው ሲወጡ እኔ እዚህ መጥቼ እቀመጣለሁ» አለችኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውሃው ከፊታችን ይወርዳል።

ከዚያ ጠየቀችኝ፤ «መስቀልን የት ዋልሽ?»

ሌላ ሰው ሁሉ በልተሻል ወይ፣ አጥንተሻል ወይ ነበር የሚለኝ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ደግሞ ጻፍኩ፣ ደግሞ አጠፋሁ። በመጨረሻ ሁሉንም ነገርኳት። የእትዬ ወለተን አይብ ከቡቺ ጋር ተካፍዬ መብላቴን፣ ከማዶ መንደር የሚመጣውን ዘፈን ላለመስማት ሬዲዮ መክፈቴን፣ ማታ አባቴ የሚገባ እየመሰለኝ መብራት ሳላጠፋ መተኛቴን፣ እናቴ የሌለችበት ስንተኛ በዓል እንደሆነ መቁጠር ማቆሜን። ለማንም ያልተናገርኩትን ነው። ጋሼ ኤርሚ ከኋላዬ ማንበቡን ትቶ ወደ በሩ ሄዶ ቆመ።

«ውይ» አለችኝ ብቻ። ከዚያ «ውሻው ጥሩ ነው?» አለችኝ።

«በጣም» ብዬ ላክሁ። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። «አንቺስ?» ብዬ ጻፍኩ። ልልክላት ስል ስክሪኑ ጠፋ።

መብራት ሄደ። ጋሼ ኤርሚ ሮጦ ወጥቶ አየ፤ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል። ደንቡን እኔም ኮማንደርም እናውቀዋለን። ከጨዋታ የወጣ ቡድን ሰዓቱ እስኪያልቅ ካልተመለሰ ተሸናፊ ነው። ኮማንደር ምንም ማድረግ የለባትም፤ ቆማ ብትጠብቅ አሸንፋለች። እኛ ተስማምተናል፤ መብራት ኃይል ግን አልተስማማም።

የጋሼ ኤርሚ ስልክ ጮኸ። እናቱ ናት። «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ አየኝ። «ነይ አብረን እንሂድ። እናቴ ደስ ይላታል፤ ለአባትሽ እደውላለሁ» አለኝ። አይሆንም አልኩ። ውጤቱን ሳላይ የትም አልሄድም። ለምኖ ሲያቅተው ቁልፉን ለጎረቤቱ ለእትዬ ሩቅያ ሰጠ። እትዬ ሩቅያ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሳቸውም አረፋን የሚጠብቁ ናቸው። «መብራቱ ኢንሻአላህ ይመጣል። አንቺ እዚያው ሁኚ፣ እኔ በሩን አያለሁ» አሉኝና ቴምርና ሻይ አቀበሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ጥቁር ስክሪን እያየሁ ነው ያሳለፍኩት። በስክሪኑ ውስጥ የራሴ ፊት ይታየኛል። በሐሳቤ ግን ያ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከኋላው አንዲት ልጅ አጠገቧ የነበረው ሰው ድንገት የውሃ ሽታ ሆኖባት ተቀምጣለች። ሳልሰናበታት ጥያት የሄድኩ ይመስላታል ወይስ መብራት መጥፋቱን ትገምታለች? ወንበሬን ማጣቴን ረሳሁት ማለት ውሸት ነው። ሁለቱም አብረው ያቃጥሉኝ ነበር።

መብራቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮምፒውተሩን አብርቼ ጨዋታው ውስጥ ገባሁ። ውጤቱ ወጥቷል፤ «ወልቂጤ አሸንፏል»። ተሳስቶ ነው ብዬ ዝቅ አድርጌ አነበብኩ። «ቡታጅራ እጅ ሰጥቷል» ይላል። እጅ መስጫው ቁልፍ በስህተት የሚነካ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ አዎ ብላለች። ከስሩ ለኔ የተላከ መልእክት አለ፤ «መብራት እንደጠፋብሽ አውቄያለሁ። ሰዓቱ ሊያልቅብሽ ነው። አንቺ ወንበርሽን ያዢ።»

እዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ሩቅያ «ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?» እያሉ ሮጠው መጡ። «አሸነፍን» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አንቺስ?» የሚለውን እንደገና ጽፌ ላክሁላት። ስሟ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ጠፍታ ነበር።

ልጆቹ ከአገር ቤት ሲመለሱ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «ብቻሽን ቡታጅራን!» እያሉ ሊሸከሙኝ ደረሱ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ናትናኤል አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ስለ ኮማንደር የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ቆይ፣ አንቺ መስቀልን እዚህ ነበርሽ?» አለኝ። «ለምን አልነገርሽንም? ሰው በመስቀል ከተማ ይቀራል ብሎ ማን ያስባል!» የእውነት ደንግጦ ነበር። ለካስ አልጠሉኝም፤ አገር ቤት የሌለው ሰው መኖሩ በሐሳባቸው መጥቶ አያውቅም።

ያን ዕለት አምስታችን ተሰብስበን ለቡታጅራ ጻፍን። ውጤቱ ይሰረዝ፤ ልጅቷን እንዳትነኳት አልናቸው። ዘግይተናል። «አስወጥተናት ነበር፤ አሁን ትመለስ ብለናል፤ እሷ ግን መምጣት ትታለች» የሚል መልስ መጣ። በዓመቱ መስቀልን እዣ፣ ናትናኤል ቤት ዋልኩ። ጀፎረ በሚሉት ሰፊ የመንደር ሜዳ ላይ ከልጆቹ ጋር ስሮጥ፣ እናቱ «ያቺን የማርቆሷን ልጅ ጥሩልኝ፣ ክትፎው ሳይቀዘቅዝ» ሲሉ ሰማሁ። ጠግቤ በላሁ። ግን ቡታጅራ ያለችውን ሳላስብ አልቀረሁም።

አንድ ጊዜ አባቴ ለሥራ ቡታጅራ ሲሄድ ለምኜ አብሬው ሄድኩ። ኢንተርኔት ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። «የባንክ ቤቱ ሰውዬ ልጅ? ተዛውረው ሄዱ እኮ። እዚያች ጋ ነበር የምትቀመጠው» ብለው ጥጉን አሳዩኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ወንበር ነው። ተቀመጥኩበት። ከዚያ ወንበር ሰው አይታይም። ስሟ ማን እንደሆነ ልጠይቃቸው ስል አባቴ ከውጭ ጠራኝ፤ ሽማግሌው ግን ሐሳቤ ገብቷቸው «ኮማንደር ነበር የምንላት» አሉኝ እየሳቁ። እሳቸውም ሌላ ስም አያውቁላትም።

ዛሬ እኔም እንደ እናቴ አስተማሪ ነኝ፤ እንደ አባቴ ደግሞ በማላውቀው ከተማ። በዓል ሲደርስ የምሠራው አንድ ሥራ አለኝ። ተማሪውንም፣ ጥበቃውንም፣ አዲስ የመጣውን የሥራ ባልደረባዬንም «የት ነው የምትውለው?» እላለሁ። «ምን አገባሽ» የሚል ዓይን ያየብኝ አለ። መልሱ ጠፍቶት ጥፍሩን ያየም አለ። እሱን እቤቴ እወስደዋለሁ። እናንተም ሞክሩት። «መልካም በዓል» ማለት ቀላል ነው፤ የት እንደሚውል ጠይቁትና ፊቱን እዩ።

ያ ጨዋታ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ፏፏቴውም ከነዋሻው የለም። እሷ ግን የትም ትሁን አለች፤ ምናልባት ይህን ታነብ ይሆናል። ኮማንደር፣ ወንበሬን ይዤያለሁ። ያን ቀን መብራቱ የቀደመኝ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።

አንቺስ፣ መስቀልን የት ዋልሽ?